የሞተሩ ልጓም

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ፣ አንዴ የገባ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ የተተከለለት ለዚህ ነው። አቅሙ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር ነው። ይህን ያህል ውኃ ሰው በእጁ ቫልቭ እየከፈተና እየዘጋ አይዘልቀውም፤ የፓምፑን ፍጥነትና የታንኩን ልክ የሚጠብቁት በብረት ሳጥን ውስጥ የተደረደሩ መቆጣጠሪያዎች ናቸው።

እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ከትንሽ ነው የተነሡት። አሜሪካዊው ሊንድ ብራድሊ በሚልዋኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1893 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የሞተርን ፍጥነት መግራት አሳሰበው። ስስ የካርቦን ዲስኮችን ደራርቦ በብሎን አጠበቃቸው። ሲጠብቁ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል፣ ሲላሉ ይታገዳል፤ ሞተሩም ሳይንገጫገጭ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። በ1903 ዶክተር ስታንተን አለን 1,000 ዶላር ሰጠውና ኩባንያ መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመት በሴንት ሉዊስ የዓለም ኤግዚቢሽን የክሬን መቆጣጠሪያቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ከ1909 ጀምሮ አለን-ብራድሊ የተባለው ይህ ድርጅት በ1985 ለሮክዌል ሲሸጥ ዋጋው ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቢሊዮኑ ሳይሆን ክሬኑ ነው። ወጣቱ ሸቀጡን ይዞ የሄደው፣ ከባድ ጭነት አንጠልጥሎ ድንገት የሚዘል ማሽን ወዳስቸገረው ሰው ነበር።

ሐዋሳ የገጠማት ሌላ ነው። ፓርኩ በዘጠኝ ወር ተገንብቶ፣ ማሽኑም መቆጣጠሪያውም ተገጣጥሞ ከውጭ መጣ። ዋናው ባለሀብት፣ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ምርትን ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል (አጎዋ) ሲታገድ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ፓምፖቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተር ይቃጠላል፣ ሴንሰር ይበላሻል፣ ምትክ ለማስመጣት ደግሞ ዶላር ይጠየቃል። ከተማዋ የቴክኖሎጂ ተማሪዎችን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲና የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አላት። ከእነዚህ የሚወጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ የሚገጣጥም ትንሽ ወርክሾፕ ቢከፍቱ፣ ፓርኩ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሊሰጣቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለመነሻ የአንዲት ፓምፕ ማስነሻ ፓነል እዚሁ ሐዋሳ ተገጣጥሞ፣ ተፈትኖ፣ ዋስትና ተሰጥቶበት ይገጠም።