ከመድረሳ ምንጣፍ እስከ ነፃነት፦ የአልጄሪያ 132 ዓመታት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



«አልጀርስ» የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ኢትዮጵያና ኤርትራ በ2000 እዚያ ከፈረሙት ስምምነት ነው። ያቺ ከተማ ራሷ ከዚያ 38 ዓመት በፊት ከምን ዓይነት ጨለማ እንደወጣች ግን ብዙም አናወራም። ዛሬ ስለዚያ እንጨዋወት። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንዳንድ ወጣቶች «ኪታብ መቅራት ለአገር ምን ፈይዷል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው አያስቆጣም። መልሱን ግን በስሜት ሳይሆን በታሪክ እንፈልገው።

▪️ ወቅፉ ሲወሰድ

የፈረንሳይ ጦር በሰኔ 1830 ሲዲ ፈረጅ ከተባለው የባሕር ዳርቻ ወረደ። ሐምሌ 5 ቀን አልጀርስ እጇን ሰጠች። በእጅ መስጫው ውል ላይ ፈረንሳይ የሕዝቡን ሃይማኖትና ንብረት እንደማትነካ ቃል ገብታ ነበር። ቃሉ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ አልቆየም። በ1832 በከተማዋ ታዋቂ የነበረው የከቻዋ መስጂድ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ።

ከመስጂዱ በላይ የጎዳው ግን የወቅፉ መወሰድ ነው። የኡስታዙ ቀለብ፣ የደረሳው ዳቦ፣ የመስጂዱ መብራት ዘይት ሁሉ የሚመጣው ከወቅፍ መሬትና ቤት ኪራይ ነበር። ወቅፉ ወደ መንግሥት ሲዞር ብዙ መድረሳዎች ማንም «ዝጉ» ሳይላቸው በረሃብ ተዘጉ። የፈረንሳይ የፓርላማ አባል የነበረው ቶክቪል ራሱ በ1847 ባቀረበው ዘገባ፣ አገዛዙ የሙስሊሙን የትምህርትና የምጽዋት ተቋማት እንዳፈረሰና ሕዝቡን ከበፊቱ የባሰ መሃይም እንዳደረገው አምኗል።

ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1832 የ24 ዓመቱ ወጣት ዓሊም አሚር ዐብዱልቃዲር በይዐ ተቀብሎ እስከ 1847 ድረስ ተዋጋ። እጁን የሰጠው ወደ ሙስሊም አገር እንዲሸኙት ቃል ተገብቶለት ነበር፤ እነሱ ግን ፈረንሳይ ወስደው አምስት ዓመት ገደማ አሠሩት። በኋላ ደማስቆ ገባ። በ1860 እዚያ ክርስቲያኖች ላይ ጭፍጨፋ ሲነሳ ይህ በክርስቲያን መንግሥት የተከዳ ሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያኖችን በራሱ ቤትና በሰዎቹ ጥበቃ አተረፈ። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

▪️ «ዜጋ ለመሆን ሸሪዓህን ተው»

በ1848 ፈረንሳይ አልጄሪያን የራሷ ግዛት አካል አድርጋ አወጀች። አገሩ የፈረንሳይ፣ ሰዉ ግን ፈረንሳዊ ያልሆነበት እንቆቅልሽ ተፈጠረ። በ1865 የወጣው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ሙስሊሙ የፈረንሳይ ተገዢ ነው፤ ሙሉ ዜጋ መሆን ከፈለገ ግን በጋብቻ፣ በፍቺና በውርስ ጉዳይ በሸሪዓ መዳኘትን ትቶ ማመልከት አለበት። በዚያ መንገድ ያመለከተው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። ሚሊዮኖች ያለ መብት መኖርን መረጡ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ለም መሬቱ ወደ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ሄደ። ከ1881 ጀምሮ ለአገሬው ሰው ብቻ የተለየ የቅጣት ደንብ ወጣ። በ1947 በተቋቋመው ምክር ቤት እንኳ ከ120 መቀመጫ 60ው ለአንድ ሚሊዮን ገደማ ለሚሆኑ አውሮፓውያን፣ የቀረው 60 ደግሞ ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ለሚበልጠው ሙስሊም ተሰጠ። በ1948 በተደረገው ምርጫም ድምፁ በግልጽ ተጭበረበረ። በሰላም የሚጠይቅ ሰው በር ተዘጋበት።

▪️ ሸይኹና አረንጓዴው መስጂድ

ቁሰንጢና በምትባል ከተማ በ1889 አንድ ልጅ ተወለደ፤ ዐብዱልሐሚድ ኢብን ባዲስ። ቱኒዝ በሚገኘው ዘይቱና ቀርቶ ተመለሰና በአረንጓዴው መስጂድ ማስቀራት ጀመረ። ሸይኹ ቁርኣንን በተፍሲር አስቀርተው ለማኽተም 25 ዓመት ፈጀባቸው። በ1938 ሲያኸትሙ ከተማው በደስታ አከበረው። 25 ዓመት! እኛ አንዲት ትንሽ ኪታብ ሦስት ወር ሲፈጅብን እንሰለቻለን።

ፈረንሳይ በ1930 አልጄሪያን የያዘችበትን መቶኛ ዓመት በድግስ አከበረች። ሁሉ ያበቃለት መሰለ። በቀጣዩ ዓመት፣ በግንቦት 1931፣ ዑለማዎች አልጀርስ ተሰብስበው የአልጄሪያ ሙስሊም ዑለማዎች ማኅበርን መሠረቱ፤ ኢብን ባዲስም መሪ ሆኑ። ሥራቸው መድረሳ መክፈት፣ ዐረብኛ ማስተማር፣ ጋዜጣ ማውጣት ነበር። በ1936 ፈርሐት ዐባስ የተባለው የተማረ ፖለቲከኛ የአልጄሪያን ብሔር በታሪክ ፈልጎ እንዳላገኘ ሲጽፍ፣ ሸይኹ ብሔሩ መኖሩን፣ የራሱ እምነት፣ ቋንቋና ታሪክ እንዳለው በጋዜጣቸው መለሱለት። በ1938 መንግሥት ያለ ፈቃድ ዐረብኛ ማስተማርን የሚገድብ ደንብ አወጣ። ፊደል ማስቆጠር የፖሊስ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን እንናገር። ነፃነትን በይፋ ቀድመው የጠየቁት ዑለማዎቹ አይደሉም። ፈረንሳይ ውስጥ በፋብሪካ የሚሠሩ አልጄሪያውያንን ያደራጀው የመሳሊ ሐጅ ንቅናቄ በ1927 ጠይቋል። ዑለማዎቹ በ1936 እንኳ ከሌሎች ጋር ፓሪስ ድረስ ሄደው በፈረንሳይ ሥር የእኩልነት መብት ነበር የጠየቁት። የጦርነቱንም የመጀመሪያ ጥይት አልተኮሱም። ኢብን ባዲስ ሚያዝያ 16 ቀን 1940 ወደ አኺራ ሄዱ፤ ነፃነቱን አላዩም። አልጄሪያ ግን ያቺን ቀን እስከ ዛሬ የዒልም ቀን ብላ ታከብራታለች። ለምን? የሚታገልለትን ነገር ስሙን የሚያውቅ ትውልድ ስላተረፉላት ነው። ረሒመሁላህ።

▪️ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ

ግንቦት 8 ቀን 1945 ዓለም የናዚን መሸነፍ ሲያከብር ሰጢፍ ላይ አልጄሪያውያን ባንዲራቸውን ይዘው ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ። በተነሳው አመፅ መቶ ገደማ አውሮፓውያን ተገደሉ፤ በሰጢፍ፣ በጌልማና በኸራጣ በተወሰደው የበቀል እርምጃ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች አለቁ። አልጄሪያ 45,000 ትላለች።

ኅዳር 1 ቀን 1954 ሌሊት ብሔራዊ ነፃነት ግንባር በተለያዩ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ጥቃት ከፈተ። መግለጫው በእስልምና መርሆዎች ማዕቀፍ ውስጥ ሉዓላዊ መንግሥት እንደሚመልስ፣ በዘርና በሃይማኖት ሳይለይ ነፃነትን እንደሚያከብር ተናገረ። በ1956 የዑለማዎቹ ማኅበር ትግሉን ደገፈ። ብሔሩን አላገኘሁትም ያለው ፈርሐት ዐባስም ግንባሩን ተቀላቀለ፤ በ1958 ካይሮ ላይ የተቋቋመው ጊዜያዊ መንግሥት የመጀመሪያው መሪ ሆነ።

ፈረንሳይ 400,000 ገደማ ወታደር አሰለፈች። ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ገበሬ ከቀዬው ተነቅሎ ካምፕ ገባ። በ1957 አልጀርስ ውስጥ ማሰቃየት የዕለት ሥራ ሆነ። ከማኅበሩ ታላላቆች አንዱ ሸይኽ ዐረቢ አት-ተበሲ በዚያ ዓመት ከቤታቸው ተወስደው ደብዛቸው ጠፋ። ከግንባሩ መሥራቾች አንዱ ዐረቢ ቢን ምሂዲ በእስር ላይ ተገደለ፤ ፈረንሳይ ለረጅም ዘመን ራሱን አጠፋ ስትል ኖራ፣ የገደሉት ወታደሮቿ መሆናቸውን ያመነችው በ2024 ነው።

ግፉን ያልተቀበሉ ፈረንሳውያንም ነበሩ። ጄኔራል ደ ቦላርዲየር ማሰቃየትን ተቃውሞ ከኃላፊነቱ ለመነሳት ጠየቀ፤ በምላሹ ታሠረ። ወጣቱ የሒሳብ መምህር ሞሪስ ኦዳን ከአልጄሪያውያን ጋር በመቆሙ በወታደሮች እጅ ሞተ።

በመጋቢት 1962 የኤቪያን ስምምነት ተፈረመ። ሐምሌ 1 ቀን ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ከ100 ድምፅ ሰጪ ከ99 በላይ የሚሆነው ነፃነትን መረጠ። በዓሉ የተከበረው ሐምሌ 5 ነው፤ አልጀርስ እጇን በሰጠችበት ዕለት፣ ልክ ከ132 ዓመት በኋላ። በከቻዋም እንደገና አዛን ተሰማ። አልሐምዱሊላህ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሕመድ ቢን ቤላ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ተገኝቶ፣ ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ስላሉት አፍሪካውያን ተናገረ።

▪️ የማናወራው ክፍል

ታሪክን ለኩራት ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ያነባል። ግንባሩ ሲቪሎችንም ገድሏል፤ የመሳሊን ደጋፊዎችም ገድሏል። ከታላላቅ መሪዎቹ አንዱ ዐባን ረመዳን በ1957 የተገደለው በገዛ ጓዶቹ ነው። ተኩስ ከቆመ በኋላ ከፈረንሳይ ጎን የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ «ሐርኪ» የተባሉ አልጄሪያውያን በበቀል ታረዱ። ነፃነት በመጣ በሦስተኛው ዓመት ቢን ቤላ በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ። ያወረደውም በወጣትነቱ ቁሰንጢና ውስጥ መድረሳ የቀራው ኮሎኔል ቡመዲየን ነው። መቅራት ብቻውን ሰውን ከስህተት አያድንም።

ስለዚህ አሚር ዐብዱልቃዲርን አስታውሱ። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን አዞናል። አሚሩ ደማስቆ ላይ ይህን በተግባር አሳየ። ከእሱ መቶ ዓመት በኋላ የመጡት ጀግኖች በጠመንጃ አሸነፉ፤ ይህን ፈተና ግን ሁሉም አላለፉትም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኪታብ መቅራት አልጄሪያን ብቻውን ነፃ አላወጣም። ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ስደተኛው፣ እናቶችና ወጣቶች ደማቸውን ከፍለዋል። ግን ወቅፉ ተወርሶ፣ መድረሳው ተርቦ፣ ቋንቋው ተገድቦ እያለ 25 ዓመት አንድ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያስቀራ ሰው ባይኖር፣ ያ ሁሉ ደም ለምን እንደፈሰሰ የሚናገር አንደበት ይቀንስ ነበር። የሰፈራችሁን መድረሳ ኡስታዝ ዛሬ ስታገኙት ቀለቡን ማን እንደሚሸፍንለት ጠይቁት። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ወላሁ አዕለም።