«መሬት ገዛሁ» ስትሉ ምን ገዛችሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የጫንኩት ወገኔ «አገር ቤት መሬት ገዛሁ» አለኝ። «ካርታው በማን ስም ነው?» ስለው ዝም አለ።

ወገኖቼ፣ ታሪኩን እናስታውስ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የካቲት ላይ የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወረሰ። ደርግ ሄደ፤ መሬቱ ግን ለግለሰብ አልተመለሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል።

ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥላችሁ ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ባዶ መሬት በሕግ ፊት አይጸናም። የጨረቃ ቤት ብትሠሩበትም አፍራሽ ሲመጣ የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም።

ሌሊት መሪ ጨብጣችሁ ያጠራቀማችሁትን ዶላር ከመላካችሁ በፊት ካርታውን ክፍለ ከተማው ድረስ ሰው ልካችሁ አጣሩ። ውሉም ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። የዘመድ ቃል ካርታ አይሆንም።