ከጮቄ ግርጌ ያለው እርከን

አማኑኤል ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ሰው ለሠርግ ሲጠራኝ እንኳ ልቤ ያለው ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለው እርከን ላይ ነው።

የተራራን ታሪክ በፎቶ ማንበብ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመው እንደገና አነሡ። ጨርሶ ተራቁቷል የተባለው አገር በብዙ ቦታ ከቀድሞው ይልቅ ዛፍ ለብሶ ተገኘ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለው የመሬት ለውጥ የሚነበበው አንጀኒ ላይ ነው። ከደምበጫ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ባለው በዚህ ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ ተፋሰሱ 113 ሄክታር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ወደ ላይ ተወርውሮ ክትር ይሆናል። ጎርፉ ያወረደው ደለል ከክትሩ ጀርባ ይጠራቀምና ዳገቱ ዓመት በዓመት እየተደላደለ ይሄዳል።

እኔ የማነሣው ይህንኑ ጠጋ ብዬ ነው፦ ክትሩ ጫፍ ላይ የያዘውን ሣር፣ ከሥሩ የቆመውን ቀይ የአፈር ግድግዳ፣ ጥማድ በሬ ለማዞር የሚታገለውን ገበሬ። እርከን መሬት ይበላል፣ በሬ ማዞሪያም ያሳጣል፤ የገበሬው ቅሬታ እውነት ነው። ከሩቅ የተነሣ ውብ ፎቶ ይህን ድካም ይደብቃል። ስለዚህ ከክትሩ አጠገብ የማሳውን ባለቤት አቆመዋለሁ፤ ቁመቱ ለግድግዳው መለኪያ ይሆናል፣ ሌላ ዓመት ስመለስም የአፈሩን ከፍታ ከዚያው ሰው ቁመት ጋር አነጻጽራለሁ።