የየብስ ኤሊ አያያዝ በራያ ቆላ

የየብስ ኤሊ (በሌላ ስሙ ድንጋይ ልብሱ፣ በትግርኛ ጎብየ) በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ፣ በየብስ ብቻ የሚኖር ተሳቢ እንስሳ (ገበሎ አስተኔ) ነው። በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች በተፈጥሮ ይገኛል፤ በከተሞችም አልፎ አልፎ በግቢ ውስጥ ሲኖር ይታያል። ይህ ጽሑፍ እንደ ዋጃ፣ ቆቦና አላማጣ ባለ ሞቃት ሜዳ ላይ ኤሊ ከቤት ውጭ ሲኖር የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ይገልጻል።

== ዝርያዎች ==

በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የየብስ ኤሊዎች ሁለቱ በትልቅነታቸው ይጠቀሳሉ።

* ነብር መሳይ ኤሊ (ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ)፦ ስሙን ያገኘው በቢጫማ ቅርፊቱ ላይ ካሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ከኢትዮጵያና ከሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በአፍሪካ ቀንድ ግን ከዚህ በጣም የሚበልጡ አሉ። ጉድጓድ አይቆፍርም፤ በቁጥቋጦ ሥር ወይም ሌላ እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ ይጠለላል።
* ሱልካታ ኤሊ (ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ)፦ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው ደረቅ መሬት ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይገኛል። በዓለም ላይ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥሎ ሦስተኛው ግዙፍ የየብስ ኤሊ ሲሆን፣ ትልልቅ ወንዶች እስከ 100 ኪሎ ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ። ከሙቀት የሚያመልጠው ጥልቅ ጉድጓድ በመቆፈር ነው። የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት ዝርያ ነው።

== የአየር ጠባይ ==

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የራያ ሜዳ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ዝናብ የሚያገኘው በሁለት ወቅት ነው፦ አነስተኛውን በበልግ፣ ዋናውን በሐምሌና በነሐሴ። ከዝናቡ በፊት ያሉት ግንቦትና ሰኔ በጣም ይሞቃሉ። በክረምት አየሩ እርጥበት ያዘለ ይሆናል፤ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍም ሜዳው ላይ ይተኛል።

ኤሊ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጥ ማመንጨት አይችልም። ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ቀትር ላይ ጥላ ይገባል፣ ወደ ማታ ደግሞ ይሰማራል። ላብ ስለሌለው ጥላ ካላገኘ ሰውነቱ ቶሎ ይግላል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ኤሊን በገመድ ማሰር፣ በቆርቆሮ ሥር መዝጋት ወይም በጀርባው ገልብጦ መተው ሊገድለው ይችላል።

እርጥበት በራሱ ጎጂ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በሱልካታ ጫጩቶች ላይ የተደረገ የኦስትሪያ ጥናት፣ ቅርፊቱ እንደ ፒራሚድ እየተቆለለ እንዲያድግ በይበልጥ ያደረገው የአየር መድረቅ እንጂ የፕሮቲን ብዛት አለመሆኑን አሳይቷል። አደገኛው እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲደራረቡ፣ ወይም እንስሳው በጭቃ ላይ ሲውልና ሲያድር ነው።

== ግቢና መጠለያ ==

የራያ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር በዝናብ ጊዜ ውሃ ይይዛል። በመሆኑም የኤሊው ማደሪያ ከግቢው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋማ አፈር ተደርጎበት መሠራት አለበት። ዙሪያውን ቦይ ቢቆፈር ጎርፉን ያሳልፋል። ጣሪያው የማሽላ አገዳ ወይም ሣር ቢሆን ከቆርቆሮ ይሻላል፤ ሙቀት አያከማችም። ለቀን ጥላ እንደ ቁርቁራና ግራር ያሉ የአካባቢው ዛፎች ይበቃሉ።

አጥሩ ድንጋይ ወይም ጭቃ ግንብ ቢሆን ይመረጣል። ኤሊ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ የሽቦ አጥር ሲያይ ለማለፍ ደጋግሞ ስለሚገፋ ይጎዳል። ለሱልካታ አጥሩ ወደ መሬት ጠልቆ መተከል አለበት፤ አለዚያ ከሥር ቆፍሮ ይወጣል። ውሻና ጅብ ትልልቆቹንም፣ ቁራ ደግሞ ጫጩቶቹን ስለሚያጠቁ ማታ ማታ መዝጋት ያስፈልጋል።

== ምግብና ውሃ ==

ሁለቱም ዝርያዎች ዕፅዋት በል ናቸው። ዋናው ምግባቸው ሣር ነው፤ ሰርዶ፣ ድርቆሽና ልዩ ልዩ አረም ይስማማቸዋል። ፍሬው የሚበላው የበለስ ቅጠል እሾሁ ተነቅሎ ሲሰጥ ውሃም ካልሲየምም ይሆናቸዋል። ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ግን ሌላ ተክል ነው፤ ወተቱ ያቃጥላል፣ መርዛማም ነው። ገና የበቀለ ወይም ድርቅ የመታው ማሽላ ከብትን የሚገድል የሳያናይድ መርዝ ስለሚይዝ ለኤሊም መሰጠት የለበትም። ጉሎና ፀረ ተባይ የተረጨበት ሣርም እንዲሁ ናቸው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሥጋና ወተት የኤሊ ምግብ አይደሉም።

ውሃው ጎድጎድ ባለ ሰፊ ሳህን፣ ከአገጩ ሳያልፍ ይቀርብለታል። በውሃው ውስጥ ስለሚጸዳዳ በየቀኑ መቀየር አለበት።

== በሽታና መዥገር ==

በክረምት ሁለት ሕመሞች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው የመተንፈሻ አካል ሕመም ሲሆን ምልክቱ ከአፍንጫ አረፋ መውጣት፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስና ምግብ መተው ነው። ሁለተኛው የሆድ ቅርፊት መበስበስ ነው፤ ቦታው ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ሁለቱም እንስሳውን ደረቅና ሞቃት ቦታ ማድረግንና የእንስሳት ሐኪም ማማከርን ይጠይቃሉ።

መዥገር ለከብት አርቢ ተጨማሪ ስጋት ነው። ከኤሊ ላይ የሚገኙ አንዳንድ የመዥገር ዝርያዎች ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድለውን ሃርትዎተር የተባለ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ነብር መሳይና ሱልካታ ኤሊዎች ወደ አገሯ እንዳይገቡ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

መዥገሩ በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቀላል። ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ለኤሊ በፍጹም መሰጠት የለበትም። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መድኃኒቱ ኤሊዎችን ሽባ እንደሚያደርግና እንደሚገድል፣ ይልቁንም ነብር መሳይ ኤሊ ለመርዙ እጅግ ተጋላጭ መሆኑን አሳይቷል።

ጤነኛ የሚመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል፣ በተለይ ልጆች ከነኩት በኋላ እጃቸውን በሳሙና መታጠብ አለባቸው።

== ሕግ ==

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ይዞ መጠቀም በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የእነዚህን ኤሊዎች የድንበር ተሻጋሪ ንግድ ይቆጣጠራል።

ስለዚህ በእርሻ ወይም በመንገድ ላይ የተገኘ ጤነኛ ኤሊ ወደ ቤት አይወሰድም፤ መንገድ እያቋረጠ ከሆነ ወደሚሄድበት አቅጣጫ አሻግሮ መተው ይበቃል። በግቢ ለብዙ ጊዜ የኖረ ኤሊ ግን በሽታ ወደ ዱር ሊያዛምት ስለሚችል ባለሙያ ሳይመረምረው መለቀቅ የለበትም።