የርካሽ ዋጋ መደብሮች ዕጣ

በአሜሪካ የችርቻሮ ንግድ ታሪክ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የ1962 ዓመት ከሌሎች ተለይቶ የሚታወስ ነው፤ በሚሺገን ኬማርት፣ በሚኒሶታ ታርጌት፣ በኦሃዮ ዎልኮ፣ በአርካንሳስ ገጠርም ዎልማርት የተመሠረቱት በዚያው በአንድ ዓመት ነውና።

በርካሽ ዋጋ የመሸጡን ሥርዓት የጀመሩት ግን እነርሱ አይደሉም። ዩጂን ፈርካውፍ የሚባል የኒው ዮርክ ነጋዴ በ1948 በማንሃተን ከአንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ ጠባብ የሻንጣ ሱቅ ከፍቶ፣ አምራቾች ከወሰኑት ዋጋ አሳንሶ መሸጥን ሕግ ይከለክለው ስለ ነበር፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የአባልነት ካርድ እያደለ፣ ሽያጩን የአባላት ጉዳይ አስመስሎ ያካሂድ ነበር። ኮርቬት የተባለው ይህ መደብር ከብዙ ከተሞች ደርሶ ስመ ጥር ከሆነ በኋላ፣ ወደማያውቀው የምግብና የቤት ዕቃ ንግድ በጥድፊያ ገብቶ ከአቅሙ በላይ ስለ ተስፋፋ በ1980 ተዘጋ። እንደ እኔ አስተያየት ጥፋቱ ዋጋውን ማርከሱ ሳይሆን፣ ርካሹን ዋጋ የሚሸከም ሥርዓት ከሱቁ ጀርባ አለማቆሙ ነው፤ ዋጋ መቀነስ ለማንም የሚቻል ሲሆን፣ በቀነሰው ዋጋ ዓመት ከዓመት መኖር ግን የሚቻለው ወጪው ከሌላው ላነሰ ነጋዴ ብቻ ነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው በወረት ከሁሉ ያነሰው የዎልማርት መሥራች ሳም ዋልተን ነበረ። ሌሎቹ እንደ ክሬስጊና እንደ ዉልዎርዝ ያሉ አንጋፋ ኩባንያዎች ደጋፊዎቻቸው ሲሆኑ፣ እርሱ ትልልቆቹ የናቋቸውን ትንንሽ ከተሞች መረጠ፤ በትንሽ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ ክንፏን አዘንብሎ መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ፣ አዲስ ቤት በየት በኩል እንደሚሠራ እየተመለከተ የመደብሩን ቦታ ይወስን ነበር። ጅምላ አቅራቢዎች ወደዚያ ሩቅ አገር ሸቀጥ ለማመላለስ ስላልፈቀዱለት፣ ችግሩ ራሱ አስተማሪው ሆነና በ1970 በቤንተንቪል የራሱን መጋዘን ከፈተ። ከአምራቹ በሙሉ ጭነት የገባው ሸቀጥ እዚያ ተከፋፍሎ፣ በአንድ ቀን ጉዞ ክልል ውስጥ ወደተተከሉት መደብሮች በራሱ የጭነት መኪናዎች ይወጣል፤ መኪናዎቹም በመልሳቸው ባዶ ከሚመጡ፣ ከአምራቾች ደጅ ጎራ ብለው አዲስ ጭነት ይዘው ይገባሉ። በ1987 ደግሞ በሳተላይት የመገናኛ መረብ መደብሮቹን ሁሉ ከማዕከሉ ጋር ስላገናኘ፣ በየገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ የተሸጠው ነገር ቤንተንቪል ድረስ ይታወቅ ነበር።

ታርጌት በሌላ መንገድ፣ ከርካሽነት ጋር የዕቃውን ጥራትና መልክ በማሳመር ጸና። ከሁለት ሺህ በላይ መደብር የነበረው ኬማርት ግን በ1980ዎቹ ገንዘቡን የመጻሕፍት መሸጫና ሌሎችንም የንግድ ድርጅቶች በመግዛት ላይ ሲያውል፣ የራሱ መጋዘንና የሒሳብ መሣሪያ እያረጁ ሄዱ፤ የማስታወቂያ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ደንበኛም ብዙ ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ይጠብቀው ነበር። ይህን ያህል የሕዝብ አመኔታ ያተረፈ ድርጅት በገዛ እጁ እንዲህ መዳከሙ ያሳዝናል። በ2002 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዎልኮም በአሜሪካ ያሉትን መደብሮቹን ሁሉ በ1983 መግቢያ ዘግቶ ነበር፤ በካናዳ ከተረፉት ውስጥ 122ቱን በ1994 የገዛው ዎልማርት ነው።