«መሪ ላይ ነው»

የሱቄ ታፔላ ላይ አራት ዓይነት ቀለም አለ። ከላይ በሰማያዊ «ዲናሞና ሞተሪኖ እንጠግናለን፤ ባትሪ ቻርጅ እናደርጋለን» ይላል። ይህን ያጻፉት ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከሥሩ በቀይ «ቴፕና ስፒከር እንገጥማለን» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው መስመር በጥቁር «የሞባይል ቻርጀር ለመኪና» ይላል። አራተኛው ቦታ ስላለቀ ጠርዙ ላይ ተጨናንቆ የተጻፈው «ብሉቱዝ» ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ለማጅ ሆኜ የተቀመጥኩት በ1990 ዓ.ም. ነው። ታፔላውን ከላይ ወደ ታች ላነበበው የሾፌር ጆሮ ታሪክ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ የዶልፊን ሾፌር መጣና «ጋሼ፣ እጄ እንዲፈታ ስልኩን ከቴፑ ጋር አገናኝልኝ» አለኝ።

«እጅህን ማን አሰረው?» አልኩት።

ሳቀ። ሥራውን ሠራሁለትና ሄደ፤ ጥያቄው ግን እኔው ጋ ቀረ። በዚህ መንገድ ላይ ሾፌር በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ መሪ መያዝ የጀመረው መቼ ነው? ከዚያ በፊትስ ወሬውን የሚቀበልለት ማን ነበር?

የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የወሬ መተላለፊያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ድረስ የይፋት ሱልጣኔት የነበረው እዚህ ነው። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ጨርቁንም ወሬውንም ይዞ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነበር። ከሮቢት በስተምሥራቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን አፋሮች ደግሞ «ዳጉ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቆማሉ። አንዱ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጠብ፣ በመንገድ ስላየው እንግዳ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። ዋሽቶ ዳጉ የሰጠ ሰው ስሙ ይጠፋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ለዳጉ መጀመሪያ እግር ይቆማል። የቸኮለ እንኳ ግመሉን አቁሞ ነው የሚናገረው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ሲገናኙም ከሸቀጡ በፊት የሚለዋወጡት ወሬ ነው፤ እሱም ቆመው።

እየሄዱ ማውራት የመጣው ከመኪና ጋር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከወረረን በኋላ ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሠራ። ጣርማ በር ላይ ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ፈለፈለው፤ ዛሬም የሙሶሎኒ ዋሻ እንለዋለን። ዋሻው ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጉምና ብርድ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈህ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቁልቁለት ሮቢት ስትደርስ ወደ 1,280 ሜትር ወርደሃል፤ ሹራብህን አውልቀህ ማንጎ ትበላለህ። ጣሊያን ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስታኞ። ጣሊያንኛ ተማርክ ወይ ብትሉኝ አልተማርኩም፤ ቀኑን ሙሉ ስናገረው ግን እውላለሁ።

በዚያ ቁልቁለት ሾፌር ብቻውን አይነዳም ነበር። ያስተማሩኝ ሰው የነገሩኝን ልንገራችሁ። ፊያት ኤን 3 ጭነት ይዞ ሲወርድ ረዳቱ ታኮውን አቅፎ በሩ ላይ ይንጠለጠላል። ፍሬን የደከመ እንደሆነ ዘሎ ጎማው ሥር ይወሽቃል። ጉሙ ሲጠና ደግሞ ወርዶ ከፊት ከፊት በእግሩ እየሄደ «ና! ና! ወደ ቀኝ! ቁም!» ይላል። ሾፌሩ ሁለት እጁን መሪ ላይ፣ ዓይኑን ጉሙ ላይ አድርጎ ጆሮውን ለረዳቱ ይሰጣል። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም ካደረገ ወደፊት ትራፊክ ወይም አደጋ አለ ማለት ነው። «ሃንድስ ፍሪ»፣ ማለትም ስልክ በእጅ ሳይዙ ማውራት፣ የፈረንጅ ፈጠራ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ኤን 3 የነዳ ሽማግሌ ይስቅበታል።

ስልክ ራሱ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ለመንገደኛ ግን ስልክ ለብዙ ዘመን ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ነገር ነበር። ልጅ ሆኜ ቴሌ ቤት ተልኬ አውቃለሁ። ቁጥሩን ለኦፕሬተሯ ሰጥተህ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለህ። «ደሴ የጠየቀ!» ስትል ትሮጣለህ። ከዚያ ወረፋ የሚፈጥነው ሾፌር ነበር። ደብዳቤ፣ በፖስታ የታሸገ ብር፣ «ለእናቴ ደህና ነኝ በልልኝ» የሚል የቃል መልእክት ይዞ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን የሚማር ልጅ የአባቱን መታመም የሚሰማው ከአውቶቡስ ሾፌር አፍ ነበር፤ ያውም መኪናው ቆሞ፣ ሞተር ጠፍቶ።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። እኛ ሰፈር በሰው እጅ በብዛት ያየሁት በሚሊኒየሙ ግድም ነው። መጀመሪያ የያዙት የአይሱዙ ባለንብረቶችና የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴዎች ናቸው። ነጋዴው የአዲስ አበባን ዋጋ ሳይሰማ አይጭንም፤ ባለንብረቱ ለሾፌሩ ስልክ የሚገዛለት «የት ደረስክ?» ለማለት ነው። ያኔ ግን ስልኩ ሲጮህ የሚያነሳው ረዳቱ ነበር።

«ሃሎ! መሪ ላይ ነው። ጣርማ በርን እየወጣን ነው፤ ደብረ ብርሃን ስንቆም ይደውላል።»

ይህችን «መሪ ላይ ነው» የምትል ቃል ባለንብረቱም፣ የሾፌሩ ሚስትም፣ ጭነት ተቀባዩም ያከብሯት ነበር። «ቅዳሴ ላይ ነው» ወይም «ሶላት ላይ ነው» እንደማለት ነበረች። ማንም «ቢሆንም ስጠው» አይልም ነበር።

በኋላ ስልኩ ረከሰ። ረዳት የሌላት ቪትዝና ኮሮላ መንገዱን ሞላች። በዶልፊንም ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ሾፌሩ ራሱ ማንሳት ለመደ። አንገቱን አጣሞ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መካከል ወትፎ ማርሽ የሚቀይር ሾፌር ያየሁት ያኔ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ስልክ በእጅ ይዞ እያወሩ ማሽከርከርን ከሚያስቀጡ ጥፋቶች ጋር አስቀመጠው። ቅጣት ሲመጣ መላ ይፈለጋል፤ መላ ፈላጊው ደግሞ እኔ ሱቅ መጣ።

መጀመሪያ ባለሽቦው ኢርፎን ነበር፤ ማርሹ ላይ እየተጠመጠመ ይበጠሳል። ቀጥሎ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰካው ትንሽ ዕቃ መጣ። የስልኩን ድምፅ በብሉቱዝ ይቀበልና በኤፍኤም ሞገድ ለመኪናው ራዲዮ ያስተላልፋል። እኛ ቆላ ውስጥ የኤፍኤም ጣቢያ ስለማይበዛ ባዶ ሞገድ ማግኘት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ስትገባ ግን ጣቢያው ብዙ ነውና ከሚስትህ ጋር ስታወራ መሀል ላይ የስፖርት ጋዜጠኛ ጎል ይቆጥርብሃል። በመጨረሻ ብሉቱዝ አብሮት የተሠራ ቴፕ መጣ፤ አሁን በብዛት የምገጥመው ይህን ነው።

ነገሩ በዓለም ላይም አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 መኪና ውስጥ ስልክ ሲገጠም መሣሪያው ወደ 36 ኪሎ ይመዝን ነበር። ብሉቱዝን ያመነጨው የስዊድኑ ኤሪክሰን ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ነው። «ሰማያዊ ጥርስ የሚባል ንጉሥ ነበር» ስላቸው ሾፌሮቹ በእኔ ይስቃሉ።

የብሉቱዝ ቴፑ አገጣጠም እንዲህ ነው። የቴፑን ፊት በካቻቢቴ አነሳለሁ። ከኋላው ሦስት ዋና ዋና ሽቦ አለ። ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፤ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች እንዳይረሳ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ያገኛል። ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ሰነፍ ባለሙያ ቢጫና ቀዩን አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ መኪናው ጥቂት ቀን የቆመ እንደሆነ ባትሪው አልቆ ያድራል። ማይኩን ከፀሐይ መከላከያው አጠገብ አስራለሁ። ስፒከር ጋ ካስጠጋሁት ድምፁ ዞሮ ያስተጋባል። መስኮት ጋ ካስጠጋሁት ደግሞ ነፋስ ብቻ ነው፤ ሮቢት ላይ መስኮት ዘግቶ የሚነዳ የለማ! ሽቦውን በስታኞ አጣብቄ በናስትሮ እጠቀልላለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ የናስትሮው ሙጫ ይቀልጥና እጅ ያጨማልቃል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው የስልክ መያዣም ከቀትር በኋላ ተላቆ ሾፌሩ እግር ሥር ይወድቃል፤ ፍሬን ሥር ከገባ አስቡት። ስለዚህ መያዣ በብሎን ካልሆነ አልገጥምም።

ይህን ሁሉ በነጻ አልተማርኩትም። የመጀመሪያውን ቴፕ ለአይሱዙ ስገጥም አይሱዙው ሁለት ባትሪ እንዳለው፣ 24 ቮልት እንደሆነ እያወቅሁ ዘንግቼው የ12 ቮልቱን ቴፕ ቀጥታ አገናኘሁት። አንዴ በራ፣ ከዚያ ጭስ ሆነ። ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። በሁለተኛው ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ሰረቅሁ። ሠራ። ጥቂት ወር ቆይቶ ግን ሾፌሩ የሞተ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። አንዱን ብቻ ስታልበው ይደክማል፤ ሌላው ከልኩ በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ይበላሻሉ። አሁን ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መለወጫ ሳላስገባ ጭነት መኪና አልነካም።

እጅ ተፈታ፤ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱን ዶልፊን ከገጠምኩለት በኋላ ለሙከራ አብሬው እስከ ጀውሃ ሄድኩ። ተሳፋሪ ሞልቷል። ስልኩ ጮኸ፤ አነሳው። የሚስቱ ድምፅ በአራቱም ስፒከር «የሽንኩርቱን ብር የት አደረስከው?» አለ። መኪናው ሙሉ ዝም አለ፤ ሁሉም መልሱን ይጠብቃል። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆነ። ሁለት እጁ መሪ ላይ ነው፤ ዓይኑም አስፋልቱ ላይ ነው። መንገዱ መሀል የቆመችውን ላም ግን ያየኋት እኔ ነኝ። ጮህኩ፤ ፍሬን ያዘ፤ ላሟ ተረፈች። ያን ዕለት ሾፌሩ መንገዱን የሚያይለት ረዳት ያገኘው በአጋጣሚ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም ይህንኑ ነው፦ እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሾፌር ከማይጠቀመው ይልቅ ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ነው፤ በእጅ ያልተያዘው ስልክም ከተያዘው ብዙ አይሻልም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። «የሽንኩርቱን ብር የት አደረስከው» ለማለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሮቢት ሲደርስ ሱቄን ዘግቼ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ደብረ ሲና ላይ ሾፌሮች መኪና እያቆሙ፣ እየወረዱ፣ ከወዲያ የመጣውን «መንገዱ እንዴት ነው?» እያሉ ሲጠያየቁ አየሁ። የተጠየቀውም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልስ ነበር። ዳጉ ነው ብዬ አሰብኩ። ነገሩ የሞት የሽረት ሲሆን ሰው አሁንም ቆሞ ነው የሚያወራው።

እኔ መግጠሙን አልተውኩም፤ እንጀራዬ ነው፤ አንገት አጣሞ ከመንዳትም ይሻላል። መሣሪያው የሾፌሩን እጅ ፈታ፤ ስልኩን አንስቶ ደዋዩን የሚመልሰውን ረዳት ግን አልተካም። ያ ሥራ አሁን የደዋዩ ነው። ስለዚህ ልመናዬ ሾፌር ወንድም፣ ሾፌር ባል፣ ሾፌር ሠራተኛ ላላችሁ ነው። ስትደውሉ መጀመሪያ «መሪ ላይ ነህ?» በሉት። «አዎ» ካለ «ስትቆም ደውልልኝ» ብላችሁ ዝጉት።