አባቶችን ለምስክርነት ስለ መጥራት

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ነገር ግን የአባቶችን ስም እያነሡ ክርክር ለመዝጋት የሚሹ ብዙዎች ሲሆኑ ሥሩን የሚመረምሩ ጥቂቶች ናቸው። እኔም በመምህርነት ዘመኔ «አባቶች እንዲህ ብለዋል» የሚል ተማሪ በገጠመኝ ቍጥር፥ «የት? መቼ? በምን መዝገብ?» እያልሁ እጠይቀው ነበር። የዚህን ጥያቄ ጥቅም የሚያስረዳ ታሪክ በአሜሪካ አገር ይገኛል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ሕዝብ በየከተማው እየተሰበሰበ ስለ ታሪክና ስለ መንግሥት አስተዳደር ንግግር መስማት ይወድ ነበር። ጆሳያ ሆልብሩክ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1826 ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚልበሪ ከተማ ለዚህ የሚሆን ማኅበር አቆመ፤ ይህን የመሰሉ ማኅበሮችም በብዙ ከተማ ተስፋፉ። በ1859 ደግሞ ባለጠጋው ፒተር ኩፐር በኒው ዮርክ ኩፐር ዩኒየን የተባለውን ትምህርት ቤት ከሰፊ አዳራሽ ጋር ከፈተ። በዚሁ አዳራሽ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1860 አብርሃም ሊንከን ንግግር አደረገ። ሊንከን በትምህርት ቤት የቈየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት የማይሞላ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ክርክሩም፥ የፌዴራሉ መንግሥት ባርነት ወደ አዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ለመከልከል ሥልጣን አለው ወይስ የለውም የሚል ነበር። ሴናተር ስቲፈን ዳግላስ የለውም ከሚሉት ወገን ሆኖ፥ መንግሥታችንን ያቆሙት አባቶች ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ አብልጠው ያውቁት ነበር ሲል ተናገረ። ሊንከን ይህን ቃል አልተቃወመም፤ ተቀበለውና አባቶቹን አንድ በአንድ ይቈጥር ጀመር።

በ1787 በሕገ መንግሥቱ ላይ የፈረሙት 39 ነበሩ። ሊንከን መዝገቡን ሲያገላብጥ 23ቱ በዚህ ጉዳይ ድምፅ ወይም ፊርማ የሰጡ ሆነው አገኛቸው። ከነርሱም 21ዱ መንግሥቱ ሥልጣን እንዳለው በሥራቸው መስክረዋል። ከነዚህ አንዱ በ1789 እንዲህ ያለውን ሕግ በፕሬዚዳንትነቱ የፈረመው ጆርጅ ዋሺንግተን ነው፤ ዋሺንግተን ግን ራሱ ባሮች ነበሩት። ስለዚህ ሊንከን አባቶች ያደረጉትን ሁሉ በጭፍን እንከተል አላለም። ከነርሱ መንገድ የምንለይ ብንሆን ግን በጠንካራ ማስረጃ እንጂ፥ ያላሉትን አሉ በማለት አይሁን አለ።

ንግግሩ በጋዜጣ ታትሞ በአገሩ ተሰማ፤ ሊንከንም በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ሆኖም እውነተኛ ቍጥር ብቻውን ባሪያን ነጻ አላወጣም። በ1861 ጦርነት ተነሣ፤ ባርነትም በሕገ መንግሥት የተሻረው በ1865 ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ በአደባባይ ተናጋሪ የአባቶችን ስም ሲጠራ በሰማችሁ ጊዜ ለማጨብጨብ አትቸኵሉ። ማንን እንደ ጠራ፥ የተጠራውም ምን እንደ ሠራ መርምሩ። የሞተ ሰው ተነሥቶ «እኔ ይህን አላልሁም» ሊል አይችልምና፥ ስለ እርሱ መዝገቡን የመግለጥ ዕዳ በእናንተ ላይ ነው።